ስለ ቅዳሜው የመግቢያ ፈተናና ስለ ውጤት አስተካከላችን

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

በመጪው ቅዳሜ ለ9ኛ ክፍል ነፃ የትምህርት ዕድል 120 ልጆች ይፈተናሉ። ያለን ቦታ 20 ነው። የኮምፒውተር ክፍላችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው 60 ልጅ ስለሆነ ፈተናው በሁለት ዙር ይሰጣል፤ የሁለቱ ዙር ጥያቄዎችም ይለያያሉ። "ለምን አንድ ዓይነት ጥያቄ አትሰጡም?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። የመጀመሪያው ዙር ልጆች ከግቢ እንደወጡ ጥያቄው ከነመልሱ ቴሌግራም ላይ እንደሚለቀቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ውጤቱን እንዴት እንደምናስተካክል ግን ከፈተናው በፊት እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ውጤት ከወጣ በኋላ የሚነገር ሕግ ማንንም አያሳምንም። እኔም ወላጅ ሆኜ ብመጣ አላምነውም።

ነገሩ ያንገበግበኛል። አምና አንድ አባት ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው በሁለተኛው ዙር ተፈትና በ2 ማርክ ነው የቀረችው። ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ ልጆቹ በቃላቸው ይዘው የወጡትን ሁለት ጥያቄ በደብተር ጽፈው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። የመጀመሪያው ዙር ጥያቄ፦ 450 ብር የሚሸጥ ጫማ 20 በመቶ ቅናሽ ቢደረግበት ስንት ይሆናል? የሁለተኛው ዙር፦ አንድ ጫማ 20 በመቶ ተቀንሶለት 360 ብር ቢሸጥ መጀመሪያ ዋጋው ስንት ነበር? የሁለቱም ርዕስ ፐርሰንት ነው፣ የሁለቱም ማርክ እኩል ነው፣ ጫማውም ያው ጫማ ነው። ሁለተኛው ግን ወደኋላ ማሰብ ይጠይቃል። ብዙ ልጅ 360 ላይ 20 በመቶ ደምሮ 432 ይላል፤ 432 ደግሞ ከምርጫዎቹ አንዱ ነበር። ትክክለኛው መልስ 450 ነው። እኔ ያኔ "ሁለቱም ፈተና እኩል ነው" ብዬ መለስኳቸው። እኩል አልነበረም። ያንን መልስ መስጠት አልነበረብኝም፣ ለእሳቸውም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ።

መምህራኖቻችን የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ሁለት ፈተና በክብደት እኩል አይወጣም። ይህ የእኛ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የ12ኛ ክፍል ፈተና በሁለት ዙር ሲሰጥ በየቤቱ ስንት ክርክር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ህንድ ውስጥ ወደ ምህንድስና ኮሌጆች የሚያስገባው ጄኢኢ ሜይን የሚባለው ፈተና ከ1 ሚሊዮን በላይ ወጣት ስለሚፈተነው ለበርካታ ቀናት፣ ጠዋትና ከሰዓት እየተባለ ይሰጣል። እነሱ ጥሬ ማርኩን ትተው ልጁ አብረውት ከተፈተኑት ውስጥ ስንት በመቶውን በለጠ የሚለውን ያያሉ። ይህቺ ፐርሰንታይል ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ ላይ ብዙዎቻችን የምናውቃት ናት። የእያንዳንዱ ዙር አንደኛ 100 ያገኛል፣ ሌላው ከዚያ ወደታች ይደረደራል፤ እኩል የሚመጣ እንዳይበዛም ቁጥሩን ከነጥብ በኋላ እስከ 7 አሃዝ ይጽፉታል።

እኛም ይህንኑ እናድርግ ያሉ መምህራን ነበሩ። አልተስማማሁም። በሺህ የሚቆጠር ልጅ በአንድ ዙር ሲፈተን የአንዱ ዙር ልጆች ከሌላው ብዙም አይለዩም ማለት ይቻላል፤ በ60 ልጅ ግን እንደዚያ ማለት አይቻልም። እንበልና ጎበዝ ጎበዞቹ በአጋጣሚ አንድ ዙር ላይ ቢሰበሰቡ እርስ በርስ ተበላልተው ይቀራሉ። በዚያኛው ዙር ደግሞ ደከም ያለው ልጅ 100 ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ የምናደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ፣ ማን በየትኛው ዙር እንደሚፈተን በዕጣ ይወሰናል። አምና በምዝገባ ቅደም ተከተል ነበር የደለደልነው፣ ያም ስህተት ነበር፤ ቀድመው የተመዘገቡት አብዛኞቹ ከአንድ ሁለት ትምህርት ቤት ተሰብስበው የመጡ ነበሩና።

ቀጥሎ፣ ከ50 ጥያቄዎች ውስጥ 10ሩ በሁለቱም ዙር አንድ ዓይነት ይሆናሉ። በሌሎቹ መሃል ተበትነው ስለሚገቡ የትኞቹ እንደሆኑ ተማሪው አያውቅም። የእነሱ ሥራ ልጆቹን ማነጻጸር ነው። ሁለቱ ዙሮች በ10ሩ ላይ ተቀራራቢ አማካይ ካመጡና በቀሪው 40 ላይ ግን አንዱ ዙር ዝቅ ካለ፣ ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የጥያቄው ነው፣ ልዩነቱን እናስተካክላለን። በ10ሩ ላይም አንደኛው ዙር ከበለጠ ግን ከልዩነቱ የተወሰነው የልጆቹ ጉብዝና ነው ማለት ነው፤ እሱን አንነካም፣ የጥያቄውን ድርሻ ብቻ እናስተካክላለን።

እነዚህ 10 ጥያቄዎች እንዳይወጡ ሲባል የመጀመሪያው ዙር ልጆች ሲጨርሱ ወደ ቤት አይሄዱም። የሁለተኛው ዙር ልጆች ስልካቸውን አስረክበው ኮምፒውተር ፊት እስኪቀመጡ ድረስ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ይቆያሉ። ዳቦና ሻይ አለ። በር ላይ የምትጠብቁ ወላጆች ልጄ ለምን ዘገየ ብላችሁ እንዳትጨነቁ፣ ልጆቹንም ለማስወጣት ዘበኞቹን አታስቸግሩብን።

አሁን ወደ ስሌቱ። "ለከበደው ዙር ለሁሉም 5 ማርክ ጨምሩላቸውና ይለቅ" የሚል ሐሳብ ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። ቅን ሐሳብ ነው፣ ግን አይሠራም። ከባድ ጥያቄ ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ለምሳሌ ያህል በ10ሩ የጋራ ጥያቄ ሁለቱ ዙሮች እኩል ሆነው፣ የአንደኛው ዙር አማካይ ከመቶ 60፣ የሁለተኛው 52 ቢሆን፣ ውጤታቸው ደግሞ ከአማካዩ የሚርቀው (የሒሳብ መምህራን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉት) በአንደኛው 10፣ በሁለተኛው 8 ነው እንበል፤ ይህን ርቀት አንድ እርምጃ ልበለው። በሁለተኛው ዙር 60 ያመጣች ልጅ አማካዩን በ8 በልጣለች፣ ማለትም አንድ ሙሉ እርምጃ። በአንደኛው ዙር አንድ እርምጃ 10 ስለሆነ ውጤቷ ወደ 70 ይቀየራል። በአንደኛው ዙር 66 ያመጣው ልጅ በጥሬው ይበልጣት ነበር፣ በሚዛኑ ግን እሷ ትበልጣለች። ለሁሉም 8 ብንጨምር ኖሮ እሷ 68 ላይ ትቀር ነበር፤ 44 ያመጣው ደግሞ 50 ሲገባው 52 ይወስድ ነበር። ለአንዱ ጎደለ፣ ለሌላው ተረፈ።

ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። 10 ጥያቄ ትንሽ ነው፣ 60 ልጅም ትንሽ ነው፣ ስሌቱ አንድ ማርክ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊስት ይችላል። በዚያች አንድ ማርክ ምክንያት ልጅ ዕድሉን እንዲያጣ አልፈልግም። ስለዚህ ከመቁረጫው ነጥብ አንድ ማርክ ከፍ ወይም ዝቅ ያሉት ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት አጭር ፈተና ይወስዳሉ። ለመጨረሻዎቹ ቦታዎች የሚለዩት በዚያ ነው።

መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የባከነው ደቂቃ ይተካል።

ህንድን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ፕራያግራጅ በምትባል ከተማ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የመንግሥት ሥራ ተፈታኞች ፈተናው በሁለት ቀን ተከፍሎ ውጤቱ ይስተካከላል በመባሉ ለቀናት አደባባይ ወጡ። "አንድ ቀን፣ አንድ ዙር" ነበር ጥያቄያቸው። ፈታኙ ኮሚሽንም ፈተናውን በአንድ ቀን ለማድረግ ተስማማ። እኔ ተፈታኞቹን አልፈርድባቸውም። ቁጥርህን ቀይረነዋል ሲሉት እንዴት እንደተቀየረ ያላየ ሰው ይጠረጥራል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ላይ ጥሬውም የተስተካከለውም ውጤት ጎን ለጎን ይጻፋል፣ የሁለቱም ዙር አማካይ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ካልኩሌተር ይዞ መጥቶ ራሱ ማስላት የሚፈልግ ወላጅ የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን አብሮት ይቀመጣል።

ዕጣው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይወጣል። ቢያንስ አምስት ወላጅ በታዛቢነት እንዲገኝልን እፈልጋለሁ፤ አምና ልጃቸው የቀረችባቸው አባት እመጣለሁ ብለውኛል። የምትመጡ እስከ ረቡዕ ማታ ለጸሐፊያችን ስም አስመዝግቡ። ቅዳሜ የመጀመሪያው ዙር 2:30፣ ሁለተኛው 5:30 ይጀምራል። ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው መታወቂያቸውን ይዘው ይድረሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር