ክርክር ታዳሚውን ካላሳተፈ

ለአዘጋጁ፦

በዘመኑ ዐበይት ጉዳዮች ላይ የሚካሄዱ የሕዝብ ውይይቶችና ክርክሮች መበራከታቸውን በማድነቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን የመድረኮች ቁጥር መጨመር ብቻውን ውይይቱን ክርክር አያሰኘውም። በብዙዎቹ ላይ አራት ወይም አምስት ተናጋሪዎች በየተራ ረጅም ንግግር ካደረጉ በኋላ ለታዳሚው የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ተናጋሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜ በዋናው ነጥብ ላይ የሚስማሙ ስለሆኑ የአንዱ ሐሳብ በሌላው ሳይፈተን ይቀራል።

የተሻለ አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳዋ ቶሮንቶ የተጀመረው የመንክ ክርክር (Munk Debates) የተባለው የሕዝብ ክርክር መድረክ ታዳሚው ከክርክሩ በፊትና በኋላ ድምፅ እንዲሰጥ ያደርጋል፤ አሸናፊ የሚባለውም በመጨረሻ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሳይሆን ብዙ አድማጭ ወደ ራሱ አቋም የሳበው ወገን ነው። ይህ አሠራር ተናጋሪው ደጋፊዎቹን ከማስጨብጨብ ይልቅ ያልተስማማውን ሰው ለማሳመን እንዲደክም ያስገድደዋል፤ በእኔ እምነት የክርክር ዋና ጥቅም ይኸው ነው።

ስለዚህ የመድረክ አዘጋጆች ከመርሐ ግብሩ ጊዜ ቢያንስ ሲሶውን ለታዳሚው ጥያቄ እንዲመድቡ፣ የሁለቱንም ዙር የድምፅ ውጤት ደግሞ በዚያው ዕለት ይፋ እንዲያደርጉ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንድ አንባቢ