ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፦ ሥልጠናው በርበሬው ወደተሰጣበት ይምጣ

ግልባጭ፦ ለግብርና ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ ለበርበሬ አምራች ገበሬዎችና ለአነስተኛ የባልትና አዘጋጆች የምግብ ደኅንነት ሥልጠና ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ አዘጋጅቼ የምሸጥ ባለ ባልትና ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። በርበሬውን እንደ ዓመቱ ሁኔታ ከሃላባ፣ ከማረቆ ወይም ከቡሬ በኩል እናስመጣለን። ይህን የምጽፍላችሁ አዲሱ በርበሬ ከመለቀሙ በፊት ሆን ብዬ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በርበሬው ተለቅሞ በሚደርቅባቸው ሳምንታት ነው። ያኔ የተበላሸውን እኛ ብናጥበው፣ ብናምሰው፣ ብንፈጨው አይመለስም።

አሠልጥኑን። ገበሬውንም፣ ነጋዴውንም፣ እኛንም። አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በርበሬው በተሰጣበት ግቢ፣ በለቀማው ሰሞን፣ በእጃችን እያስነካችሁ። ልመናዬ ይኸው ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

አንድ ማዳበሪያ ዛላ በርበሬ ሲፈታ ላዩ ቀይ ነው፤ ያብረቀርቃል። ገበያ ላይ ያየው ሰው ሁሉ ይወደዋል። በደንብ የደረቀ ዛላ ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንኳኳል፤ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከማዳበሪያው መሀል የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ሲያጥፉት ይተጣጠፋል። ቀንጣሾቹ ሰንጥቀው ሲያዩት ፍሬው ላይ ግራጫ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ የሚመስል ነገር ተጣብቋል። ሲነኩት ይቦናል። ከውጭ ምንም ምልክት የለውም። ቀንጣሽ ሁሉ እያንዳንዱን ዛላ ካልሰነጠቀ አያገኘውም፤ በኪሎ የሚከፈላት ሴት ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የላትም።

ገበሬው ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። ከጥቅምት ጀምሮ ለቅሞ መሬት ላይ ያሰጣዋል። ቀን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ሌሊት ጤዛ ያረጥበዋል። አንዳንድ ዓመት ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ይመጣበታል። ዶሮውም፣ ፍየሉም፣ ውሻውም በላዩ ያልፋል። ገበያ ሊወጣ ሲል ደግሞ ውኃ ይረጭበታል። ብዙ ሰው ይህን ክብደት ለመጨመር ብቻ ይመስለዋል። የክብደቱ ነገር አለበት፤ አልክድም። ግን ሌላም ምክንያት አለው። የደረቀ ዛላ ማዳበሪያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ይሰባበራል። የተሰባበረውን ነጋዴው ዋጋ ይቀንስበታል። ገበሬው ታዲያ እንዲለሰልስለት ያርሰዋል። የራሰው በርበሬ ተጠቅጥቆ ይታሰርና በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ከዚያ መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ሳምንታት ይቆያል። ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት የት ያገኛል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ገበያው ገበሬውን የሚቀጣው በደንብ ስላደረቀ ነው። ገበሬውን ብቻ «አድርቅ» ብሎ ማስተማር ስለዚህ የትም አያደርስም። ሰብሳቢው ነጋዴም አብሮ ተቀምጦ መስማት አለበት። እኛም ገዢዎቹ እንዲሁ። የተሰበረ ግን የደረቀ በርበሬ ካልተሰበረውና ከረጠበው እንደሚሻል ሁላችንም አምነን ዋጋ ካልሰጠነው ውኃ መርጨቱ አይቆምም።

ስለ አፍላቶክሲን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ለሌላው አንባቢ ልናገር። አፍላቶክሲን አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች የሚያመነጩት መርዝ ነው። በርበሬ ላይ፣ ለውዝ ላይ፣ በቆሎ ላይ ይገኛል። ጉበትን ይጎዳል። የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። በዓይን አይታይም፤ ጣዕሙም አይለይም። ሻጋታውን አራግፈው ቢጥሉት መርዙ ይቀራል። ወጥ ውስጥ የቱንም ያህል ቢቁላላ አይጠፋም፤ የማብሰያ ሙቀት አይበግረውም። ብዙ እናቶች «እሳት ያላየው ነገር የለም» ብለው ይጽናናሉ። እሳት ለዚህ አይሆንም።

ጎረቤታችን ኬንያ በ1996 ዓ.ም ምን እንደደረሰባት ይታወቃል። በምሥራቅ ኬንያ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመሙ፤ 125ቱ ሞቱ። ያ በአንድ ጊዜ ብዙ መርዝ ሲገባ ነው። እኛ ጋ ያለው ሌላ ዓይነት ይመስለኛል፦ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ፣ ማንም ሳያውቀው።

የራሳችንም ማስረጃ አለ። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው ነበር። በሁሉም ውስጥ የአፍላቶክሲን ዝርያ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ካስቀመጠው ወሰን ያላለፉት 9ኙ ብቻ ነበሩ። ከመኖው ውስጥ በተለይ የኑግ ፋጉሎ ተጠቆመ። ኑጉ እርጥብ ሆኖ ተከማቸ፣ ዘይት ቤት ገባ፣ ፋጉሎው ላሟ ጋ ደረሰ፣ ወተቱ ልጅ ጋ ደረሰ። በርበሬውም እንዲሁ ከቤት ቤት ይሄዳል፤ ሁሉም እጅ ላይ ትንሽ ትንሽ ጥፋት አለ፣ ማንም ግን ሙሉውን አያየውም።

ውጭ አገር ያሉ ገዢዎች ይህን አይተዉልንም። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ የደረቀ በርበሬ ውስጥ ከዓይነቶቹ ሁሉ መርዛማ የሆነውን አፍላቶክሲን ቢ1 ከ5 ማይክሮግራም በላይ፣ የአፍላቶክሲን ዓይነቶቹን ድምርም ከ10 ማይክሮግራም በላይ አይቀበልም። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄደው ቅመማ ቅመም በአፍላቶክሲን፣ ሰሊጣችን ደግሞ ሳልሞኔላ በሚባል ሆድ በሚያሳምም ጀርም ምክንያት ድንበራቸው ላይ ለተጨማሪ ፍተሻ ተመዝግበው ያውቃሉ። የውጩ ገዢ የራሱን ሕዝብ ይጠብቅ፤ መብቱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የእኛው ቤት ነው። እዚህ ያለችው እናት በልኬት አትገዛም፤ የምትገዛው በዓይኗ ነው። በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም፣ በዱባይም ያሉ ልጆቻችን የሚበሉት ከዚሁ ከእኛ በሻንጣ የሄደውን ነው። እሱንም ማንም አይለካውም።

ሳልሞኔላን ካነሳሁ አይቀር አንድ የተረሳ ነገር አለ። ደረቅ ቅመም ጀርም የለውም ብለን እናስባለን። መድረቅ ጀርሙን እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ አይገድለውም። ሚጥሚጣችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሳት ሳያይ ነው የሚበላው። ክትፎ ላይ፣ ጥሬ ሥጋ ላይ፣ እንቁላል ላይ ይነሰነሳል። አዋዜም እንደዚያው። ስለዚህ በርበሬ የምታጥበዋ ሴት የምትጠቀምበት ውኃ ከየት መጣ? ከመጸዳጃ ስትመለስ እጇን የምትታጠብበት ሳሙና አለ? የሆድ ሕመም ካለባት ቀኗን ሳታጣ እቤቷ ልትቆይ ትችላለች? እነዚህ ጥያቄዎች ሥልጠና ውስጥ ካልገቡ ነጭ ጋዋንና የፀጉር መሸፈኛ ብቻቸውን ምንም አይፈይዱም።

አሁን ስለ ሥልጠናው። በአንድ መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ ሥልጠና ተካፍዬ ነበር። ስሙን መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። አሠልጣኙ የተማረ ሰው ነው፣ ለማስረዳትም ደከመ። ግን ግድግዳው ላይ የሚታየው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነበር። ምሳሌዎቹ የማይዝግ ብረት ጠረጴዛና የራሱ ላቦራቶሪ ላለው ፋብሪካ የሚሆኑ ነበሩ። የተጠራነው ፈቃዱ በስማችን ያለን ባለቤቶች ብቻ ነን። የሚቀነጥሱት፣ የሚያጥቡት፣ የሚያሰጡት ሴቶች አልተጠሩም። ገበሬ አልነበረም፤ ባለ ወፍጮም አልነበረም። ሰርተፍኬት ይዘን ወጣን። በርበሬው ግን ሰርተፍኬት ከመጣ በኋላም እንደ በፊቱ ረጥቦ ነው የመጣው።

ሕጉ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ቆይቷል። እናንተም ገላጭ ጽሑፍ የሌላቸውንና ከደረጃ በታች የሆኑ ምርቶችን ሕዝቡ እንዳይጠቀም ታስጠነቅቃላችሁ። ጡብ ፈጭቶ በርበሬ ውስጥ የሚጨምረውን ሰው መያዝ ያስፈልጋል፤ እደግፋለሁ። ግን ወንጀለኛና ያላወቀ ሰው አንድ አይደሉም። ቁጥጥር በባህሪው የሚደርሰው መደርደሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ለዚህ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። በየቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኞች አሉ። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው ፕሮግራም የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አሉ። የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከላት አሉ። ልማት ሠራተኛው ስለ ዘርና ማዳበሪያ ያስተምራል፤ ጤና ኤክስቴንሽኗ ስለ ክትባትና መጸዳጃ ታስተምራለች። የበርበሬው አደራረቅ በሁለቱ መካከል ወድቋል። ግብርና የጤና ጉዳይ ነው ይላል፤ ጤና የግብርና ነው ይላል። ሁለታችሁ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ሁለቱን ሠራተኞች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቀን ብታሠማሩ ብዙ ነገር ይቀየራል።

ምን ያስተምሩ? ከሁሉ በፊት ከመሬት ማንሳትን። ገበሬው ሲሚንቶ አውድማ እንዲሠራ አትጠይቁት። ከእንጨትና ከቀርከሃ የሚሠራ ቆጥ፣ በላዩ ሰሌን ወይም ንጹሕ ሸራ፣ ማታ ማታ ከጤዛ መሸፈን፣ ጠዋት መግለጥ፣ በቀን ውስጥ ማገላበጥ። የበሰበሰውንና ትል የበላውን ዛላ ከመሰጣቱ በፊት መለየት። ይህ ሁሉ ገንዘብ ሳይሆን ልማድ የሚጠይቅ ነው። ልማድ ደግሞ በወረቀት አይቀየርም። ጎረቤቱ ቆጥ ላይ ያደረቀው በርበሬ ሲሰነጠቅና እሱ መሬት ላይ ያደረቀው ሲሰነጠቅ ጎን ለጎን ይይ። ያን ያየ ገበሬ ስላይድ አያስፈልገውም። ትምህርቱ ሃላባ ከሆነ በሃላብኛ፣ ማረቆ ከሆነ በማረቆኛ ይሁን። ሴቶቹም ይጠሩ፤ ስጡን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። የሚጠሩበት ሰዓት ደግሞ ከገበያ ቀንና ከምሳ ሥራ ጋር አይጋጭ።

ለእኛ ለባልትናዎች ደግሞ በየሰፈራችን ኑልን። የእርጥበት መለኪያ እንዴት እንደሚነበብ አሳዩን። መሣሪያው ለአንድ አነስተኛ ቤት ይከብዳል፤ በወረዳ ወይም በማኅበር አንድ ቢቀመጥ እየተዋስን እንለካበታለን። የሰፈር ወፍጮ ቤቶችን አትርሱ። ከእኔ በፊት ምን እንደተፈጨበት የማላውቀው ወፍጮ ውስጥ ያስገባሁትን ንጹሕ በርበሬ ንጹሕ ብዬ ልሸጥ አልችልም። ባለ ወፍጮው በመሀል መጥረግ እንዳለበትና ለምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ የሚከብድ ጥያቄም አለኝ። ለመጀመሪያው ዓመት ናሙናችንን ያለ ቅጣት መርምሩልን። ብዙዎቻችን ላቦራቶሪ የማንሄደው ክፍያውን ስለማንችል ብቻ አይደለም። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ሱቃችን ይታሸግብናል ብለን ስለምንፈራም ነው። ፍርሃቱ እስካለ ድረስ ማንም በገዛ እጁ ናሙና ይዞ አይመጣም። የአንድ ዓመት የመማሪያ ጊዜ ስጡንና ውጤቱን ለእኛው ንገሩን። በርበሬው ከየት እንደመጣ አብረን እንለይ፤ ወደዚያ ቀበሌ ልማት ሠራተኛ ይላክ። በሁለተኛው ዓመት ሕጉ እንደተጻፈው ይሥራ። ያኔ አላወቅኩም የሚል አይኖርም።

ይህ ቀላል ነው አልልም። ገበሬው ብዙ ነው፤ በጀታችሁም የተወሰነ ነው። ሁሉንም በርበሬ አብቃይ ወረዳ በአንድ ዓመት አትደርሱም። በሁለትና በሦስት ወረዳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በአንድ ክፍለ ከተማ ጀምሩ። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ናሙና ወስዳችሁ ልዩነቱን ለሕዝብ አሳውቁ። ከሠራ ሌላው ወረዳ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ከተማ ውስጥ የሚጀመረውን ሥልጠና በእኔ ግቢ ማድረግ ትችላላችሁ። ቦታው ይበቃል፣ ውኃ አለ፣ የምናሰጣበት ቆጥም አለ። የሰፈሬን ባልትናዎችና ሁለቱን ባለ ወፍጮዎች እኔ እጠራለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች የዚያን ዕለት ሙሉ ክፍያቸውን እያገኙ ይቀመጣሉ። ባለሙያ ላኩልን። ከጥቅምት አጋማሽ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ በርበሬው መንገድ ይጀምራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ባለ ባልትና፣ አዲስ አበባ