ለመስኮት 3 ባትሪ ይገዛልን፦ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ስለ መስኮት 3 ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። አስተያየት መስጫ ሳጥኑ ውስጥም ከትቻለሁ። የሳጥኑ ቁልፍ መጥፋቱን የሰማሁት ኋላ ነው።

አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሰኞ ከአዘዞ በታክሲ መጥተው፣ ቢሮው ሳይከፈት መስኮት 3 ፊት ተሰለፉ። ሠራተኛዋ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሩን አበራች። ጥቁር ስክሪን መጣ፤ ኤፍ 1 ተጫኚ አላት። ተጫነች። ቀጥሎ ዲስኩን ልፈትሽ አለ። ቀጥሎ ያቺ ክብ መዞር ጀመረች። 3 ሰዓት ላይ የተለመደው መልስ መጣ፦ «ሲስተም የለም።» ግድግዳው ላይ የለጠፋችሁት የዜጎች ቻርተር 20 ደቂቃ ይላል።

ወረቀቱ 5 ሰዓት ላይ ወጣ። ቀኑ ግን ጃንዋሪ 1፣ 2012 ነበር። ማክሰኞ ወደሚፈለግበት ቢሮ ይዘውት ቢሄዱ «አባት፣ ይሄ የቆየ ነው፤ አዲስ ያምጡ» ተባሉ። ረቡዕ እንደገና ታክሲ፣ እንደገና ሰልፍ፣ እንደገና ክፍያ። የእናንተ ሰዓት ለተሳሳተው አባቴ ከፈሉ!

ፒያሳ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ስለዚህ «ሲስተም የለም» አይዋጥልኝም። ኤፍ 1 የሚያስብለው ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለች ሳንቲም የምታክል ባትሪ ማለቋ ነው። ማታ ሶኬቱ ሲነቀል ማሽኑ ሰዓቱን ይረሳል። ሳይነቀል ካደረ ያስታውሳል። አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ጉድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዲስክ ፍተሻው የሚመጣው ደግሞ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ድርግም ስለሚል ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስ አላችሁ፤ አይቼዋለሁ። የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል።

ክቧን የሚያዞራት አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። ሲነሳ ሺህ ትንንሽ ፋይል ከየጥጉ መልቀም አለበት። በዚያ ላይ ሁለት አንቲቫይረስ ተጭኖበት እርስ በርስ ይጓተታሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ፣ ስታርትአፕ (ከማሽኑ ጋር አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝር) ውስጥ የማያስፈልገውን ማጥፋት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሰልፈኛው «አጥፍተሽ አብሪው» እያለ ይመክራታል፤ እሱም አይፈረድበትም። ዊንዶውስ 10 ግን ሲጠፋ ከፊሉን ነገር ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሊያድር ይችላል፤ ከባዶ የሚነሳው ሪስታርት ሲደረግ ነው።

አቤቱታዬን ይዤ ቢሮዎ የገባሁ ዕለት የእርስዎን ኮምፒውተር ሲያበሩ አየሁ። አዲስ ነው፣ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ እጅግ የሚፈጥነው ኤስኤስዲ ዲስክ አለው። ስሜን ተናግሬ ሳልጨርስ ተነሳ። ለፊርማና ለማኅተም ይሄን ያህል ፍጥነት ምን ያደርጋል?

ባትሪዋን ከሱቄ ይዤ መጥቼ ነበር። «ያለ ንብረት ክፍል ፈቃድ አይነካም» ተባልኩ። እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናት።

በሁለተኛው ወረቀት ላይ ሠራተኛዋ ቀኑን በእስክሪብቶ አርማልናለች፤ እግዜር ይስጣት። አባቴ ሁለተኛ የከፈሉበትን ደረሰኝ ግን እንዳለ አያይዤልዎታለሁ። ቀኑ ጃንዋሪ 1፣ 2012 ነው።

ከፒያሳ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ