ከማንቆርቆሪያው ውስጥ አታጥፉን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰሞኑን በፎቶ ገጻችሁ ያወጣችሁትን የቡና ቤት ፎቶ አይቼ ነው ብዕር ያነሳሁት። የማኪያቶ ማሽኑ ጎን ያብረቀርቃል። ደንበኞቹ፣ በሩ፣ መንገዱ ሁሉ እላዩ ላይ አለ። መሃሉ ላይ ግን የሆነ ነገር ተፍቋል። ፎቶ አንሺው ስለታየ አጥፍታችሁት መሰለኝ። ምን በደላችሁ?

እኔ ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ የምሠራ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የተገኘውን አነሳለሁ። የሚያብረቀርቅና የጎበጠ ነገር ካየሁ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የባጃጅ ስፖኪዮ፣ ፔርሙስ፣ ጭልፋ፣ ምኑ ቅጡ። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት በቆመ ሞተር ሳይክል ታንከር ላይ እንደ ቀስት ጎብጦ ሲታይ፣ ከፊት ለፊት ከሚነሳው ፎቶ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

አንድ ሠርግ ላይ ልጁ እንግዶችን እጅ ሲያስታጥብ ዓይኔ ማንቆርቆሪያው ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ ወደ ሙሽሮቹ ዞሯል። በማንቆርቆሪያው ሆድ ውስጥ ግን የሙሽራዋ እናት በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ለካ ከኋላዬ ነው የቆሙት። ቶሎ ብዬ አነሳሁት። ሙሽራዋ ፎቶውን ወደደችው። «ግን አንተን አጥፋልኝ፤ አሁን እኮ በስልክም ይጠፋል» አለችኝ። «እኔን ስፍቅ እናትሽም አብረው ይሄዳሉ፤ ትከሻዬ ሥር ናቸው» አልኳት። ተወችው።

ፎቶ አንሺው ለምን አይደበቅም ትሉ ይሆናል። ጠፍጣፋ መስታወት ቢሆን ፈቀቅ ብሎ ማምለጥ ይቻላል፤ ብርሃን በመጣበት አንግል ልክ ነው የሚመለሰው። ኳስ መሳይ ነገር ላይ ግን የትም ብትቆሙ ፊት ለፊት የሚያያችሁ አንድ ነጥብ አይጠፋም። እዚያ ላይ እናንተ አላችሁ። ራቅ ብሎ በዙም ማንሳት ያሳንሳችኋል እንጂ አያጠፋችሁም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ፎከሱ ላይ ነው። ምስሉ የሚታየው ብረቱ ላይ ሳይሆን ከብረቱ ጀርባ ነው። በኳስ ላይ፣ ራቅ ያለ ነገር ከገጹ ኋላ በራዲየሱ ግማሽ ርቀት ላይ ያለ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብረቱ ላይ ያለውን ጭረት ፎከስ ካደረጋችሁ ጭረቱ ይጠራል፣ ሰዉ ይደበዝዛል። በስልክ ስታነሱ ስክሪኑ ላይ ጣታችሁን ብረቱ ውስጥ በሚታየው መስኮት ላይ አሳርፉ። ፍላሹን ተዉት፤ ነጭ ነጥብ ነው የሚተርፋችሁ። ለዚህ ሥራ የጅማ የክረምት ደመና ይበቃል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ያን ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1434 የሣለው፣ ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የአርኖልፊኒ ሥዕል ላይ ከባልና ሚስቱ ኋላ የጎበጠ መስታወት ተሰቅሏል። መስታወቱ ውስጥ የጥንዶቹ ጀርባና በር ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። ከሁለቱ አንዱ ሠዓሊው ራሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ከመስታወቱ በላይ ደግሞ «ያን ቫን አይክ እዚህ ነበር» ተብሎ ተጽፏል። ሰውዬው ሊደበቅ ቀርቶ ፊርማውን እዚያው ነው ያኖረው!

የድስት ነጋዴ ለማስታወቂያ ሲያሠራኝ እኔም ድስቱን በነጭ አቡጀዲ ከብቤ፣ የቀረችውን ጥላዬን በኮምፒውተር አጠፋለሁ። እዚያ የሚሸጠው ድስቱ ነው። የእናንተ ግን ጋዜጣ ነው። ቡና ቤቱ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ነበረ፤ ማሽኑም አሳይቶታል። ደስ ካላላችሁ ሌላ ፎቶ ምረጡ እንጂ ሰውዬውን አትፋቁት። የፎቶ አንሺውንም ስም ከሥሩ ማስፈር ረስታችኋል።

አንባቢያችሁ፣ ፎቶ አንሺው ከጅማ