ውፍረቱ 220 ሰከንድ ሆኖ ሳለ «220 ሴንቲስቶክስ» ተብሎ ስለተሸጠልኝ የማርሽ ዘይት

ለድርጅቱ የሽያጭ እና የቴክኒክ ክፍል
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ የቪስኮሲቲ (የዘይት ውፍረት) መለኪያ ቅየራ ለደረሰብኝ ጉዳት ካሣ እንዲከፈለኝ እና የመረጃ ወረቀታችሁ እንዲታረም ስለመጠየቅ

በፍኖተ ሰላም ከተማ የኑግ ዘይት መጭመቂያ አለኝ። ለመጭመቂያው ማርሽ ሳጥን ከባሕር ዳር ቅርንጫፋችሁ በርሜል ዘይት ገዝቼ ስጠቀም የማርሹ ጥርሶች ተበልተዋል፤ በእስክሩ በኩል ያለው ኩሽኔታም ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ይህ የደረሰብኝ ኑጉ ከቋሪት እና ከደምበጫ በብዛት በሚገባበት፣ ዐቢይ ጾም ቀርቦ ዘይት ፈላጊው በሚበረክትበት ወቅት ነው። ሥራው ቆመ። ወረፋ ይዘው የነበሩ ገበሬዎች ኑጋቸውን መልሰው ጭነው ሄዱ፤ ፋጉሎ ለከብት አድላቢዎች ለማቅረብ የገባሁት ውልም ፈረሰ።

የማሽኑ መመሪያ የሚያዘው ግልጽ ነው፦ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኪነማቲክ ቪስኮሲቲው (በራሱ ክብደት ሲፈስ የሚለካው ውፍረቱ) 220 ሴንቲስቶክስ የሆነ፣ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) አመዳደብ ቪጂ 220 የሚባለው ዘይት። ይህ ምድብ ከቁጥሩ 10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለትን ስለሚፈቅድ ከ198 እስከ 242 ሴንቲስቶክስ ያለ ዘይት ይስማማኛል። መመሪያውን ለሽያጭ ሠራተኛችሁ አሳየሁት። እሱም በአማርኛ ያዘጋጃችሁትን የመረጃ ወረቀት አውጥቶ «ቪስኮሲቲ፦ 220 ሴንቲስቶክስ» የሚለውን መስመር አሳየኝ፤ ወረቀቱን ማኅተም አድርጎበት ከደረሰኙ ጋር ሰጠኝ። የሙቀቱ መጠን አልተጻፈበትም ነበር።

ማርሽ ሳጥኑ ሲፈታ መካኒኩ ዘይቱን በጣቶቹ አሽቶ ለማርሽ እንደማይሆን፣ የሃይድሮሊክ ዘይት እንደሚመስል ነገረኝ። የአምራቹን ዋና ሰነድ ከቴክኒክ ክፍላችሁ ያገኘሁት ከብዙ ንትርክ በኋላ ነው። በሰነዱ ላይ 220 የሚለው ቁጥር አለ። መለኪያው ግን ሴይቦልት ዩኒቨርሳል ሰከንድ ነው፤ የተለካበት ሙቀትም 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እናንተ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጣችሁ የመለኪያውን ስም ብቻ ቀይራችሁታል።

በጽሑፍ የሰጣችሁኝ ምላሽ «ሁለቱም የቪስኮሲቲ መለኪያዎች ስለሆኑ ልዩነት የለውም» ይላል። ይህን ፈጽሞ አልቀበልም። 220 ቁና ጤፍ የተረከበ ነጋዴ «220 ኩንታል ተረክቤያለሁ» ብሎ እንዲፈርም አይጠየቅም። የሴይቦልት ሰከንድ የሚባለው 60 ሚሊ ሊትር ዘይት በተወሰነ ሙቀት በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ወርዶ እስኪያልቅ የሚወስደው ጊዜ ነው። ሴንቲስቶክስ ደግሞ በሰከንድ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ስሌት ያስፈልጋል፤ ስሌቱም በዘርፉ ላለ ሰው አዲስ አይደለም። ከ100 ሰከንድ በላይ ለሆነ ዘይት ሰከንዱ በ0.22 ይባዛል፤ ከዚያ ላይ 135 ለሰከንዱ ተካፍሎ የሚገኘው ይቀነሳል። በእኔ ዘይት ሲሠራ 48.4 ሲቀነስ 0.6፣ ውጤቱ 47.8 ሴንቲስቶክስ ነው። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ከፍ ሲል ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ከታዘዘልኝ ውፍረት ሩቡን እንኳ አይሞላም። ማሽኔ የሚፈልገው ዘይት በሴይቦልት ቢለካ ከ1,000 ሰከንድ በላይ ያስቆጥር ነበር።

ኑግ የሚጨምቅ እስክሩ ማርሹ ላይ የሚጥለው ጫና ከባድ ነው። ጥርስ ከጥርስ ጋር እንዳይፋተግ የሚለየው በመካከላቸው የሚቆመው ስስ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ዘይት ደግሞ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ከመነሻው የቀጠነ ከሆነ ንጣፉ ይበጠስና ብረት ብረትን ይበላል፣ ፍትጊያው ይበልጥ ያሞቀዋል፣ የሞቀውም ይበልጥ ይቀጥናል። የእኔ ማርሽ የተበላው በዚህ መንገድ ነው። የመካኒኩን የጽሑፍ ማስረጃ እና የጥርሶቹን ፎቶግራፍ አያይዣለሁ።

የቅየራ ሠንጠረዣችሁን በሙሉ ስመረምር ሌላም ስሕተት አገኘሁ። አንድ ስቶክስ 100 ሴንቲስቶክስ ነው፣ አንድ ሴንቲስቶክስም የአንድ ካሬ ሜትር በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው የሚሉት መስመሮች ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሴንቲፖይዝን እና ሴንቲስቶክስን እኩል አድርጋችኋል። ሴንቲፖይዝ የዳይናሚክ ቪስኮሲቲ፣ ማለትም ፈሳሹ ሲገፋ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ወደ ሴንቲስቶክስ ሲለወጥ ለፈሳሹ እፍጋት (አንድ ሴንቲ ሜትር ኩቡ ለሚመዝነው ግራም) መካፈል አለበት። ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀራረቡት እፍጋቱ አንድ ገደማ ለሆነው ለውሃ ነው። እፍጋቱ በሴንቲ ሜትር ኩብ 0.89 ግራም የሆነ ዘይት 220 ሴንቲፖይዝ ከሆነ 247 ሴንቲስቶክስ ይወጣዋል፤ ይህም ከቪጂ 220 ወሰን ያልፋል።

ይህ የመረጃ ወረቀት በእኔ እጅ ብቻ ያለ አይደለም። በቡሬም በዳንግላም ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰዎች ይዘውት አይቻለሁ፤ ከእናንተ ዘይት የሚገዙትም በእሱ ተማምነው ነው። ብዙዎቹ መተዳደሪያቸው ያቺው አንዲት ማሽን ናት። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ የእኔ ማርሽ በገንዘብ ይተካል፣ እነርሱ ግን አደጋው ሳይደርስ ማወቅ ይገባቸዋል።

ስለዚህ የማርሹን፣ የኩሽኔታውን እና የመካኒኩን ወጪ በተያያዙት ደረሰኞች መሠረት እንድትከፍሉ፣ በርሜሉ ውስጥ የቀረውን ዘይት ተረክባችሁ የሙሉውን ዋጋ እንድትመልሱ እጠይቃለሁ። ሥራ በቆመበት ጊዜ ስለቀረብኝ ገቢ ቁጭ ብለን ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። የመረጃ ወረቀቱ ከሁሉም ቅርንጫፎች ይሰብሰብ፤ በሚተካውም ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያው እና የተለካበት ሙቀት ይጻፍ። ይህን ዘይት ለማርሽ ብለው የገዙ ደንበኞች በሙሉ በስልክ ይነገራቸው፤ ይህኛው ግን ነገ ዛሬ ሳይባል የሚፈጸም ነው።

ሻጭ በውሉ የተባለውን ዕቃ የማስረከብ ግዴታ እንዳለበት በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተደንግጓል። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ ካልሰጣችሁኝ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የኑግ ዘይት መጭመቂያው ባለቤት
ፍኖተ ሰላም፣ ምዕራብ ጎጃም

ግልባጭ፦ ለዞኑ ንግድ መምሪያ