ራሱን የሚያጸዳ ኦቨን ሲግል ፊውዙን ዳይሬክት አታስደርጉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ መጠገን ነው፤ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ፍሪጅ፣ አሁን አሁን ደግሞ ኦቨን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በየጊዜው እጄ ላይ የሚመጣ አንድ ዓይነት ጥገና ነው። ራሱን በራሱ የሚያጸዳ ኦቨን በማጽዳት ላይ እያለ ከልክ በላይ ይግልና ጥፍት ይላል። ባለቤቱ ጠጋኝ ይጠራል። ጠጋኙ የሙቀት ፊውዙ መበጠሱን ያያል፣ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ያገናኛል፣ ማለትም ዳይሬክት ያደርገዋል፣ ኦቨኑ ይበራል፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ ይሄዳል። ወገኖቼ፣ ይሄ ቤት ያቃጥላል!

ኦቨኑ ሲያጸዳ የሚሆነውን ላስረዳ። ድፎ ዳቦ ስንጋግር ወይም ሥጋ ስንጠብስ ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይበቃናል። ራሱን ሲያጸዳ ግን ወደ 480 አንዳንዴም ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወጣል። በሩ ይቆለፋል፣ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ስብ ሁሉ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል፣ ሲበርድ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ስለዚህ መጋሉ ብቻውን ብልሽት አይደለም። መጠነኛ ጭስና መጥፎ ሽታም ያለ ነው። ብልሽት የምለው መሃል ላይ ጥፍት ሲል፣ ስክሪኑ ላይ የስሕተት ኮድ ሲመጣ፣ ማዞሪያው ሲቀልጥ፣ የጎኑ ቁምሳጥን ቀለሙ ሲለወጥ፣ ወይም ጽዳቱ አልቆ እንኳ ማሞቁን አላቆም ሲል ነው።

ያ የሚበጠሰው ፊውዝ ብዙ ጊዜ ያለው ከኦቨኑ ጀርባ ወይም ከላይ ቦርዱ፣ ማለትም ኦቨኑን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ አካባቢ ነው። የሚጠብቀው የኦቨኑን ሆድ ሳይሆን ዙሪያውን ነው፣ ማለትም ቦርዱን፣ ሽቦዎቹን፣ ከጎን ያለውን እንጨት። ዙሪያው ከልክ ሲያልፍ መስመሩን ይቆርጣል። አንዳንዱ ዓይነት አንዴ ከተቆረጠ በአዲስ ይቀየራል፣ አንዳንዱ መሃሉ ላይ ተጭኖ የሚመለስ ትንሽ ቁልፍ አለው። ፊውዙ ተበጠሰ ማለት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። በሽታው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዳይሬክት የተደረገ ኦቨን ዳቦ ሲጋግር ምንም አይልም፣ ባለቤቱም ተጠገነልኝ ብሎ ይመርቃል። ጉዱ የሚመጣው በሚቀጥለው ጊዜ የማጽጃውን ቁልፍ ሲጫኑት ነው፤ ያኔ የሚያስቆመው ነገር የለም።

ታዲያ በሽታው የት ነው? እኔ መጀመሪያ የማየው ማቀዝቀዣ ፋኑን ነው። ይህ ፋን ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ስቦ በቦርዱ ላይ የሚያሳልፍ ነው። አቧራ ይይዘዋል፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ ይደርቃል፣ አይጥም ሽቦውን ይበላዋል። ኦቨኑ ሲሠራ ጆሮ ሰጥታችሁ አዳምጡት። ድምፁ ከሌለ ወይም የሚያቃስት ከሆነ ማጽዳቱን አትሞክሩት።

እኛ ዘንድ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ሆዱ 500 ዲግሪ ላይ እያለ መብራት ሲሄድ ማሞቂያው ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ፋኑም ይቆማል። የታመቀው ሙቀት መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ወደ ቦርዱ ይወጣል፣ ፊውዙን የሚበጥሰውም ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሰውም ኦቨኑ ምንም ሳይነካ ተበላሸብኝ ይላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ይህን ሥራ ባታስጀምሩት ይሻላል።

ከፍታችንንም አትርሱ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞር እንኳ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። መመሪያው ላይ ዕቃው የሚሠራበት ከፍታ ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ በተለይ ከደጋው ያላችሁ። በዚህ ላይ አናጺው ለውበት ብሎ ኦቨኑን በቁምሳጥን ውስጥ ጥርቅም አድርጎ ከዘጋው፣ የአየር መግቢያና መውጫ ካልተወለት፣ ፋኑ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ነው የሚስበው።

ከአሜሪካ የመጡት ራሳቸውን የቻሉ ጣጣ ናቸው። ዘመድ በኮንቴይነር ይልካል፣ እኛም ደስ ብሎን እንሰካለን። እዚያ መብራቱ 120 እና 240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ማሞቂያው 220 ላይ በደህና ይሠራ ይሆናል። ብዙዎቹ ላይ ግን ፋኑና ቦርዱ የሚፈልጉት 120 ነው፤ በቀጥታ 220 ከገባባቸው ያኔውኑ ይቃጠላሉ። በትራንስፎርመር ዝቅ ቢደረግላቸውም ኸርዙ አይለወጥም። ተራው የፋን ሞተር በ50 ኸርዝ ከለመደው በስድስት አንድ እጅ ገደማ ዝግ ብሎ ይዞራል። ሰዓቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚቆጥር የቆየ ሞዴል ከሆነ ደግሞ የ3 ሰዓቱ ጽዳት 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጃል። ረጅም ሙቀት፣ ደካማ ፋን። እነዚህን ለመጋገሪያ ብቻ ተጠቀሙባቸው፣ የጽዳት ቁልፉን እርሱት።

ፋኑ ደህና ከሆነ ወደ ሴንሰሩ እሄዳለሁ። ሴንሰሩ ሙቀቱን ለክቶ ለቦርዱ የሚነግር፣ ኦቨኑ ውስጥ ከኋላ ግድግዳ ላይ ወጣ ብሎ የሚታይ እርሳስ መሳይ ዘንግ ነው። ከቦርዱ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት። በብዙዎቹ፣ በተለይ በአሜሪካኖቹ፣ በ20 ዲግሪ 1,080 ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) ገደማ ማሳየት አለበት። ጥርጣሬ ካላችሁ ጫፉን በረዶ የሟሟበት ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ 1,000 አካባቢ ይላል። ቀጥሎ የፈላ ውኃ ውስጥ። እዚህ ላይ ወጣት ጠጋኞች ልብ በሉ፣ የፋብሪካው ሰንጠረዥ 100 ዲግሪ ላይ 1,385 ኦም ይላል፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ 1,354 አካባቢ ካሳየ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ካለው አነሰ ብላችሁ ሰውየውን አዲስ አታስገዙት። ባሕር ዳር 94 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ትንሽ ከፍ ይላል። አሠራሩ ሌላ የሆነ ሴንሰርም አለ፣ ቁጥሩ ጭራሽ ካልተቀራረበ መመሪያውን እዩ። ሴንሰሩ ከሚገባው አሳንሶ ካነበበ ቦርዱ ኦቨኑ ገና አልሞቀም ብሎ ያስባል፣ ማሞቁንም ይቀጥላል።

ሪሌውንም፣ ማለትም ቦርዱ ሲያዝዘው ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ፣ ፈትሹ። መገናኛ ነጥቦቹ ከተጣበቁ ቦርዱ ዝጋ ቢለውም አይዘጋም። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ሁሉን ነገር አጥፍታችሁ ብሬከሩን ብቻ አብሩ፣ ኦቨኑ በራሱ መሞቅ ከጀመረ ወዲያው ብሬከሩን አውርዱና እንዳትነኩት። የበሩ ዙሪያ ጋስኬትም፣ ማለትም ሙቀት እንዳይወጣ የሚያሽገው፣ ይታይ። የእነዚህ ኦቨኖች ጋስኬት አብዛኛውን ጊዜ ከመስታወት ክር የተሠራ ነው። በሳሙናና በሽቦ ፈትገው የሚያጥቡት አሉ፣ ይሳሳል፣ ከዚያ 500 ዲግሪው በስንጥቁ ወደ መያዣውና ወደ ማዞሪያው ይወጣል። አይፈተግም።

አሁን በማጽዳት ላይ ሳለ ቢግልባችሁ፣ እሳትም ብታዩ፣ በሩን ለመክፈት አትታገሉ። አየር ካገኘ ይብስበታል። ብሬከሩን አውርዱ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አርቁ፣ መስታወቱ ላይ ውኃ እንዳትደፉ፣ ይፈነዳል። እሳቱ ከኦቨኑ ውጪ ከወጣ ቤቱን ለቃችሁ ውጡና እሳት አደጋ ጥሩ። በሩ ሲበርድ ራሱ ይከፈታል፤ በአንዳንዱ መብራቱ ተመልሶ ካልመጣ ቁልፉ አይለቅም፣ ይህም ብልሽት አይደለም። ጭሱንም አትናቁት። እንደ ከሰል ጭስ ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ቴፍሎን መጥበሻም ውስጡ ረስታችሁ እንዳታስጀምሩ፣ በዚያ ሙቀት የሚያወጣው ጋዝ ለሳንባ መርዝ ነው። ሽቦ መደርደሪያዎቹንም አስቀድማችሁ አውጡ።

ደግሞ «ራሱን የሚያጸዳ» የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። ግድግዳው ግራጫና ሻካራ የሆነው ዓይነት ስቡን የሚያቃጥለው በምትጋግሩበት ሙቀት ነው። በእንፋሎት የሚያጸዳም አለ፣ እሱ ለስለስ ያለ ሙቀት ነው የሚጠቀመው። ስትገዙ የትኛው እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ። የኔን ምክር ለሚሰማኝ፣ ለስላሳ ግድግዳ ላለው ኦቨን ቤኪንግ ሶዳን በጥቂት ውኃ ለውሶ ማታ መቀባት፣ ጠዋት በጨርቅ መጥረግ፣ የቀረውን በአቼቶ ማራስ በቂ ነው። ማሞቂያው ሬዚስታንስ ላይ አታስነኩት። ሻካራውን ግን በምንም አትቀቡት፣ ሽፋኑ ይበላሻል። ጽዳቱን ማስጀመር ከፈለጋችሁም የፋሲካ ዋዜማ ላይ አይሁን፤ የፈሰሰውን ስብ አስቀድማችሁ ጥረጉ፣ ሰው ከቤት ባለበት ቀን፣ በጠዋት።

ለሙያ ጓደኞቼ፦ ፊውዙን የግድ መቀየር ሲኖርባችሁ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዲግሪና አምፔር አንብቡና ያንኑ አስገቡ። ያ ከሌለ ኦቨኑን ሳትጠግኑ መልሱት። እናንተም አዘጋጆች፣ ይህን ደብዳቤ ከፋሲካ በፊት ባለው እትም ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል፣ ሰው ቤቱን የሚያጸዳው ያኔ ነውና።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ