ያን ዓመት አባዬ አላረፈም

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የላክሁልሽን ቅባት ማታ ማታ ትቀቢያለሽ ወይስ ተውሽው? ይህን የሚያነብልሽ ታናሽ ወንድሜ ነውና ቀስ ብሎ ያንብብልሽ፣ እንዳይዘል። እሱም የማያውቀው ነገር አለበት።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስለ አባዬ ስናወራ አንድ ነገር አልሽኝ። «ዕድሜውን ሙሉ መሪ እንደጨበጠ ኖረ፣ ያረፈው አሰብ የተዘጋ ጊዜ ነው፣ ስምንት ወር ብቻ» አልሽ። ልመልስልሽ ብዬ አቃተኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል አልኩሽና ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር እማዬ።

አባዬ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰዉ ሁሉ ታታሪ ነበር፣ ለቤቱ ሟች ነበር ይላል። እውነት ነው። ግን እንዲህ ሲባል እሱ አይታየኝም፣ የሚታየኝ ግራ ክንዱ ነው። የአፋር ፀሐይ በመስኮት በኩል ያን ሁሉ ዓመት ስለጠበሰው ከቀኙ ይጠቁር ነበር። ገላውን ሲያጥቡት ወንድሜ አብሮ ነበር አይደል፣ መሪ ከተወ አሥር ዓመት አልፎት ክንዱ አሁንም እንደጠቆረ ነው ብሎኛል።

ሌሊት ከባቲ በኩል ሲገባ የጭነት መኪናውን፣ የኤንትሬዋን ድምፅ ከሁላችን ቀድመሽ የምትሰሚው አንቺ ነበርሽ። ማርሽ ሲቀይር ታውቂዋለሽ። ተነሥተሽ ውሃ ትጥጃለሽ። እኛ ከአልጋ ሳንወርድ መጀመሪያ የናፍታው ሽታ ይገባል፣ ቀጥሎ የአሰብ ተምር። ያቺን አበባ ያለባትን ፔርሙዝ ያመጣት ከዚያ ነው፣ ይኸው ዛሬም ሻይ ትቀጂባታለሽ። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ፦ እኔ ከማባዛት በፊት በቃሌ የያዝኩት ይህን ነው። ቀን አስፋልቱ ሲግል ጎማ ይፈነዳል እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይነዳ ነበር፣ ቀን ደግሞ መኪናው ሥር አንጥፎ ይተኛል። መኪናው ሥር የሚተኛ ሰው እንቅልፍ ምን ዓይነት እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ረዳቱን ታስታውሻለሽ? የደሴ ልጅ፣ ክርስቲያኑ። መንገድ ላይ ሥጋ ቢያዝዙ የእስላሙ ለብቻ የክርስቲያኑ ለብቻ ይሆናል። አባዬ ግን ሁለት ትሪ አልወድም ብሎ ለሁለታቸውም ሽሮ ያዛል። አሰብ ሲደርሱ ዓሣ ነው፣ እሱን ሁለቱም ይበላሉ። ያ ልጅ ዛሬ ሸምግሏል፣ ግን ከመስጊድ እስከ መቃብር ቃሬዛውን ለማንም አልለቀቀም።

ስለ 77ቱ ረሃብ አንድም ቀን አጫውቶን አያውቅም። ገና አንቺን ሳያገባ፣ ወጣት ሳለ፣ የእርዳታ እህል ከአሰብ ወደ ባቲና ወደ ኮረም ሲያመላልስ ነበር። ስጠይቀው «ክፉ ቀን ነው፣ አይነሣ» ይለኛል። ትሪ ላይ የቀረች ፍርፋሪ በጣቱ ሳይለቅም የማይነሣው፣ የማንም ልጅ ሲያለቅስ ከሰማ መጀመሪያ «በልቷል ወይ?» የሚለው ግን ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። የመኪናዋ ባለቤት ወደ ሌላ መስመር አዞራትና ሾፌርም ቀየረ። አባዬ ቁልፉን አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ «ደሴ መኪና የሚሰጠኝ ሰው አለ፣ ልጠይቅ» እያለ ይወጣል። በየሳምንቱም ብር ይሰጥሻል። ያበደርኳቸው ሰዎች እየመለሱልኝ ነው ይልሽ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ በርበሬ አስይዘሽ አክስቴ ዘንድ ደሴ ላክሽኝ፣ ረመዳን ነበር። በሰኞ ገበያ በኩል ሳልፍ ከአንድ አይሱዙ ላይ ጤፍ ይራገፋል። አንዱ ተሸካሚ ጆንያ እንደ ቆብ ራሱ ላይ አጥልቆ ጎንበስ ብሎ ይመጣል። ፊቱ አይታይም። ያወቅሁት በክንዱ ነው።

መቶ ኪሎ ነው እማዬ። በፆም አፉ።

ቆሜ ቀረሁ። ሲያራግፍ ቀና አለና ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እውነቱን ልንገርሽ፣ አፈርኩ፣ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። ይህ ነው ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የከበደኝ። ሮጬ ሄጄ ላቡን እንኳ አልጠረግሁለትም። የሠራው ሥራ የሚያሳፍር አልነበረም፣ እኔ ግን ልጅ ነበርኩ።

ማታ ለማፍጠር ተቀመጠ። ያን ዓመት ተምር የለም፣ በውሃ አፈጠረ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብሎ «ደሴ እንዴት ነበረች?» አለኝ። «ብርድ ነው አባ» አልኩት። «አዎ፣ ብርድ ነው» አለኝ። ሌላ አልተነጋገርንም፣ እስከሞተበትም ቀን አላነሣነውም። ከጥምቀት ሰሞን የዋለው ያ ዒድ ትዝ ይልሽ የለ? ሦስታችንም አዲስ ልብስ የለበስንበት። የሰፈሩ ሴቶች «ሥራ ፈትቶ እንዲህ ያለበሰ፣ ቢሠራማ!» ሲሉሽ ደስ ብሎሽ ስትስቂ አይሻለሁ፣ እኔ ግን ቀሚሱን ባየሁት ቁጥር ጆንያው ይታየኛል። የካቲት ላይ የጅቡቲ መስመር መኪና አገኘና በጋላፊ በኩል መመላለስ ጀመረ።

እና እማዬ፣ አረፈ አትበይ። አላህ ይዘንለት እንጂ፣ ከዕድሜው ሁሉ የከፋውን ሥራ የሠራው ያኔ ነው።

አብሽሪ ደግሞ፣ እንድታለቅሺ ብዬ አይደለም። ለሰደቃው ሐሙስ ማታ እገባለሁ፣ ቡና ስናፈላ አንድ የምጠይቅሽ አለኝ። በዚያ ስምንት ወር ማታ ማታ «የደሴ ብርድ መታኝ» ሲልሽ ትከሻውን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ታሺለት ነበር። በኩራዙ ብርሃን ስታሺው አይሻለሁ። ሳትናገሪ ብዙ ትቆዪ ነበር። አንቺም ታውቂ ነበር እንዴ?

ልጅሽ